ክሱ ላይ ያልተጻፈ ጥቃት አይፈረድበትም፦ ጥያቄና መልስ

በጦርነትና በጅምላ ጭፍጨፋ ወቅት የሚፈጸም ጾታዊ ጥቃትን ፍርድ ቤት የሚያደርሱ ሰዎችን ማገዝ ሥራዬ ነው። መርማሪዎች፣ ጠበቆች፣ አስተርጓሚዎች፣ ነርሶች። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓቃቤ ሕግ ነኝ። ለግድያው በቂ ማስረጃ አለኝ። የመድፈር ክስ ጨምሬ ፋይሉን ለምን ላክብደው?

ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት! ሁለት መዝገቦችን ላስታውስዎት።

አሩሻ፣ ታንዛኒያ ላይ፣ የሩዋንዳን የዘር ማጥፋት በሚያየው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት፣ የሩዋንዳዊው የቀድሞ ከንቲባ የዣን ፖል አካየሱ ችሎት ሲጀመር ክሱ ውስጥ ስለ መድፈር ምንም አልነበረም። ጃንዋሪ 1997 አንዲት እናት ለምስክርነት ቀርባ የስድስት ዓመት ልጇ በሦስት ወንዶች መደፈሯን ተናገረች። ከሦስቱ ዳኞች አንዷ፣ ብቸኛዋ ሴት፣ ናቫኔተም ፒላይ ነበሩ። ዓቃቤ ሕግ ተጨማሪ ምርመራ አድርጎ በጁን ክሱን አሻሻለ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 የተሰጠው ፍርድ መድፈር የዘር ማጥፋት መፈጸሚያ ሊሆን እንደሚችል በዓለም አቀፍ ችሎት ለመጀመሪያ ጊዜ አረጋገጠ። ያቺ እናት ባትናገር ኖሮ ፋይሉ «ቀላል» ሆኖ ይዘጋ ነበር።

ሁለተኛው ዳካር፣ ሴኔጋል ላይ የታየው የቀድሞው የቻድ ፕሬዚዳንት የሂሴን ሐብሬ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት ሐብሬ ራሱ እንደደፈራት መሰከረች። ችሎቱ አምኗት በ2016 ጥፋተኛ ነው አለ። በ2017 ግን ይግባኝ ሰሚው ከዚህኛው ነጥብ ነፃ አወጣው። ሴትየዋ ዋሽታለች ተብሎ አይደለም። ድርጊቱ መጀመሪያ በቀረበው የክስ ሰነድ ውስጥ ስላልነበረ ነው። የዕድሜ ልክ እስራቱ በሌሎቹ ወንጀሎች ጸንቷል። እሷ ግን ያን ሁሉ ተናግራ በራሷ ጉዳይ ፍርድ አላገኘችም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ። ማስረጃው ካልሞላ በኋላ መተው ይቻላል። ዘግይቶ መጨመር ነው ጣጣው።

ጀማሪ ጠበቃ ነኝ። ቃል ስቀበል ጥያቄውን እንዴት ላንሳው?

«ተደፍረሻል ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ። «የዚያን ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ንገሪኝ» በያት። ከዚያ «ከዚያስ?» እያልሽ ተከተያት። ዝም ካለች አብረሻት ዝም በይ። ዝምታውን በጥያቄ ለመሙላት መቸኮል የጀማሪ አመል ነው።

ክፍሉንም ቀድመሽ እይው። በሩ የሚታያት ቦታ ትቀመጥ፤ በእሷና በበሩ መሃል ማንም አይቀመጥ። ልጅ ይዛ ከመጣች ልጁን የሚይዝ ሰው ይኑር። ውሃና ሶፍት ጠረጴዛው ላይ ይሁን፤ ሶፍቱን ግን እንባ ባየሽ ቁጥር አታቀብያት፣ «ይብቃሽ» ያልሻት ይመስላታል።

ፈቃድ ማለት ወረቀት ማስፈረም ብቻ አይደለም። ማን እንደሆንሽ፣ ቃሏ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያነበው ንገሪያት። የተከሳሹ ጠበቃም ሊያየው እንደሚችል አትደብቂያት። መሃል ላይ ማቆም እንደምትችል ትወቅ። ሌላ ሰው ቃሏን አስቀድሞ ከተቀበለ ደግሞ እባክሽ አትድገሚው። በሦስት ሰው የተጻፈ አንድ ታሪክ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይወጣል፤ ልዩነቷን ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ታገኛታለሽ። ከጾታዊ ባርነት ተርፋ የኖቤል የሰላም ሽልማት ባገኘችው በናዲያ ሙራድ ስም የተሰየመውና በ2022 ይፋ የሆነው የሥነ ምግባር ደንብ ብዙውን ነገር በዝርዝር ይዟል፤ ፈልገሽ አንብቢው።

ምስክሯ ብቻዋን ናት፤ ሌላ ማስረጃ የለም። ያስኬዳል?

በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ደንብ መሠረት ለጾታዊ ወንጀል ደጋፊ ማስረጃ የግድ አይደለም። ያለፈ የወሲብ ሕይወቷም እንደ ማስረጃ አይቀርብም። ዳኛው ግን እሷን ማመን አለበት፤ ስለዚህ ስለ ቦታው፣ ስለ ሰዓቱ፣ አጠገቧ ስለነበሩት ሰዎች የሚናገር ነገር ሁሉ ይጠቅማል።

ነርስ ነኝ። የእኔ ድርሻ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ማከም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ይሠራል። ማስረጃው ከዚያ በኋላ ነው። ያየሽውንና እሷ ያለችሽን ለይተሽ ጻፊ። «የመደፈር ምልክት የለም» ብለሽ ግን አትጻፊ፤ «በምርመራው ጉዳት አልታየም» በይ። ጉዳት አለመታየቱ ጥቃት አለመፈጸሙን አያሳይም። ያቺ አንዲት መስመር ከስንት ዓመት በኋላ ችሎት ላይ ትነበባለች።

ወንዶችስ? ማንም አይጠይቃቸውም።

እውነት ነው። ወንዱ ላይ የደረሰው ብዙ ጊዜ «ድብደባ» ወይም «ማሰቃየት» ተብሎ ይመዘገብና ያልፋል። የቀድሞዋን ዩጎዝላቪያ ወንጀሎች ያየው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ግን በቦስኒያው ጦርነት ወንጀል በተከሰሰው ራንኮ ቼሺች ላይ በ2004 የ18 ዓመት እስራት ፈርዷል፤ ካመናቸው ወንጀሎች አንዱ በእስር ቤት ሁለት ወንድማማቾችን በግድ እርስ በርስ ወሲብ ማስፈጸሙ ነበር። ክሱም መድፈር ነው የተባለው። ወንድ እስረኛ ሲያነጋግሩ ስለ ሰውነቱ የሚጠይቅ ጥያቄ ከመደበኛው ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

አዛዡ ቦታው ላይ አልነበረም። እንዴት እንይዘዋለን?

ብዙ መዝገብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የኮንጎው ታጣቂ ቡድን መሪ ዣን ፒየር ቤምባ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2016 ወታደሮቹ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በፈጸሙት መድፈርና ግድያ ጥፋተኛ ተባለ፤ 18 ዓመት ተፈረደበት። በ2018 ይግባኝ ሰሚዎቹ ሦስት ለሁለት ተከፍለው በነፃ ለቀቁት። ጥቃቱ አልደረሰም ያለ የለም። ክርክሩ አዛዡ በቂ እርምጃ ወስዷል ወይስ አልወሰደም የሚል ነበር። ስለዚህ የተጎጂዎች ቃል ብቻ አይበቃችሁም። ማን ለማን ሪፖርት ያደርግ ነበር? ሬዲዮው በማን እጅ ነበር? ማን ተቀጣ፣ ማን ተሾመ? ከጦሩ የከዱ ሰዎችን ፈልጉ።

ምስክር ገንዘብ ሲጠይቀኝስ?

ትራንስፖርትና ማደሪያ በደረሰኝ። ከዚያ ውጪ ሳንቲም አይሰጥም።

ሔግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሩቅ ነው። ሌላ በር የለም?

አለ። ጓቲማላ ውስጥ፣ ሴፑር ዛርኮ በተባለ ቦታ በወታደሮች የተደፈሩ ሴቶች በራሳቸው አገር ፍርድ ቤት ተከራክረው በ2016 ሁለት የቀድሞ ወታደራዊ ሰዎችን አስፈርደዋል፤ አንዱ 120፣ ሌላው 240 ዓመት። የመሰከሩት በራሳቸው የማያ ሕዝብ ቋንቋ፣ በኬክቺ፣ በአስተርጓሚ ነበር። ጀርመን ደግሞ ኮብሌንዝ ላይ፣ ወንጀሉ የተፈጸመው ሶርያ ውስጥ ቢሆንም፣ በሶርያ የስለላ ድርጅት ውስጥ ኃላፊ የነበረ ሰው በ2022 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል፤ ጾታዊ ጥቃትም በፍርዱ ውስጥ አለ።

ድርጅታችን ባለሙያዎችን መደገፍ ይፈልጋል። ሥልጠና እናዘጋጅ?

እስቲ በግልጽ ልናገር። ሦስት ቀን ሆቴል ውስጥ፣ አበል፣ ሰርተፍኬት፣ ቻው። ይሄ ደክሞናል። መርማሪዋ የምትቸገረው ከስድስት ወር በኋላ፣ ማታ፣ አንድ ምስክር «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ስትላት ነው። ያኔ ደውላ የምታማክረው ልምድ ያለው ሰው ስጧት። የክስ ረቂቅ የሚያነብላት ይኑር። አስተርጓሚውን ከምስክሩ በፊት አግኝታ የምትዘጋጅበት ጊዜና ክፍያ በጀት ውስጥ ይግባ። ከፍርዱ በኋላ ተጎጂዎቹ ጋ ተመልሳ ውጤቱን የምትነግርበት የመንገድ ወጪም እንዲሁ፤ ይህችን መስመር በጀት ውስጥ ያየኋት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

አስተርጓሚ ነኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለአለቃዬ ብነግረው ሥራዬን የማጣ ይመስለኛል።

ወንድሜ፣ አንተ ታሪኩን በመጀመሪያ ሰው ነው የምትናገረው፤ «እኔን እንዲህ አደረጉኝ» እያልክ። ስለዚህ ከመርማሪው በላይ ቢከብድህ አይገርምም። ድምፅ የሚገለብጡና ቪዲዮ የሚያዩ ሰዎችም እንዳንተው የተረሱ ናቸው። አለቃህን ብቻህን አትጋፈጠው፤ ሌሎቹን አስተርጓሚዎች ይዘህ ሦስት ነገር ጠይቁ። በቀን ከአንድ ከባድ ቃል በላይ እንዳይመደብላችሁ። ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ለወሬ ያህል እንኳ አብራችሁ የምትቀመጡበት ሰዓት እንዲኖር። ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ የሆነ፣ ለአለቃ ሪፖርት የማያደርግ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲመደብ። እንቅልፉ ሳምንታት ከዘለቀ ግን እነዚህን አትጠብቅ፤ ሐኪም ጋ ሂድ።

የምስክሮቹ ፎቶና ስም ዝርዝር ስልኬ ላይ ነው ያለው። ችግር አለው?

አዎ፣ አለው። ዛሬውኑ በይለፍ ቃል ወደተቆለፈ ቦታ አዛውረው፣ ከስልክህም አጥፋው። ስምና ቃል አንድ ፋይል ውስጥ አይቀመጡ።