ኩኩሉ፣ አልነጋም፦ የመሰወር ጥያቄዎቻችሁ

ገጸ ባሕርይ ይዘን፣ ዳይስ እየጣልን ስለምንጫወታቸው የታሪክ ጨዋታዎች ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ ስለ መሰወር ነው፣ ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁም ሌባ ካልሆንን ያላችሁት? ለማንኛውም አራቱን መርጫለሁ።

«ዲ ኤንድ ዲ (ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ) ስንጫወት ኢንቪዚብል (የማይታይ) ሆኜ እያለ ጎብሊኑ (ትንሹ ጭራቅ) ቀስቱን በቀጥታ እኔ ላይ ለቀቀው። ዲኤማችን (ጨዋታውን የሚመራው) ሸውዶኛል አይደል?»

አልሸወደህም ወንድሜ። አለመታየትና መደበቅ ለየቅል ናቸው፣ ልጅ ሆነን ኩኩሉ ስንጫወት መጋረጃ ጀርባ ገብቶ የሚንከተከት ልጅ አልነበረም? እሱን ነህ። በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የጨዋታው ሕግ አትታይም እንጂ ድምፅህ ይሰማል፣ ዱካህም መሬት ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ሃይድ (እደበቃለሁ) ብለህ ለስቴልዝ (ለመደበቅ ችሎታህ) ዳይስ ካልጣልክ ጎብሊኑ የት እንዳለህ ያውቃል፤ ትርፍህ ሲተኩስብህ ዲስአድቫንቴጅ ስላለበት ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን መውሰዱ ነው። እኛ ጋ አንዱ ልጅ ሙሉ የብረት ልብስ ለብሶ ኢንቪዚብል ነኝ ብሎ በዘበኞቹ መሀል ሊያልፍ ሲል ዲኤሙ ምንም ሳይናገር ከኪሱ ቁልፎቹን አውጥቶ ማንቃጨል ጀመረ፣ ሁላችንም ገባን። የ2024ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ደግሞ በሃይድ 15 ካመጣህ ኢንቪዚብል ሆነሃል ይልሃል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ነገሩን አቀለልን ብለው የባሰ አደባለቁት።

«በዲ ኤንድ ዲ ድሩይድ (የተፈጥሮ ድግምተኛ) ነኝ፣ ጓደኛዬ ዊዛርድ (የተማረች ድግምተኛ) ናት። አምስታችን ግንቡ ውስጥ ለመግባት የሷ ኢንቪዚቢሊቲ ይሻላል የኔ ፓስ ዊዝአውት ትሬስ?»

ያንቺ፣ ምን ጥያቄ አለው! ሁለቱም 2ኛ ሌቭል (ደረጃ) ድግምቶች ናቸው፣ ሁለቱም ኮንሰንትሬሽን (ያልተቋረጠ ትኩረት) ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም እስከ 1 ሰዓት ይቆያሉ። ግን የሷ በ2ኛ ሌቭል የሚሰውረው አንድ ሰው ነው፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው አንድ ሌቭል ከፍ ማድረግ አለባት፣ ለአምስት ሰው 6ኛ ሌቭል ስሎት (ድግምት መጣያ አቅም) ማለት ነው። ያንቺ 30 ጫማ ውስጥ ላለ ወዳጅ ሁሉ ስቴልዝ ላይ 10 ይጨምራል፣ ዱካም አያስቀርም። ብቻ ከለላ ይኑራችሁ፣ ባዶ ሜዳ ላይ 10ም 20ም ቢጨመር ሰው ያያችኋል። ግሬተር ኢንቪዚቢሊቲ የሚባለውን ሌላ ድግምት ደግሞ «ግሬተር» ስለተባለ ለስርቆት የምታወጡት ሰዎች፣ እባካችሁ፣ እሱ 1 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ብትመቱም ስፔል (ድግምት) ብትተኩሱም አይጠፋም፣ ስለዚህ ቦታው ጦርነት ላይ ነው።

«ቫምፓየር ዘ ማስከሬድ (ቫምፓየር የምንሆንበት ጨዋታ) ላይ ኦብፈስኬት (የመሰወር ኃይል) አለኝ። ካሜራው ለምን ያዘኝ?»

ኦብፈስኬት ብርሃንን አይነካም፣ የሚነካው የሚያይህን ሰው አእምሮ ነው፣ ሰውዬው አይቶህ እንዳላየህ ያልፋል። ካሜራ ደግሞ አእምሮ የለውም! በ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) እትም ግን በኦብፈስኬት 3ኛ ደረጃ ላይ ጎስት ኢን ዘ ማሺን የሚባል አለ፣ እሱን ከወሰድክ በስክሪን በቀጥታ የሚያይህንም ዘበኛ ያታልልልሃል። 1ኛው ደረጃ ቀጥ ብለህ ከቆምክ ብቻ ነው የሚሠራው፣ 2ኛው እየሄድክም ይሠራል ግን ስትጀምር ማንም እያየህ መሆን የለበትም፣ ሰው ፊት ቆመህ ብን ለማለት 4ኛው ያስፈልግሃል። ኦስፔክስ (የተሰወረን የሚያሳይ ኃይል) ያለው ቫምፓየር ካጋጠመህ ግን እንጃልህ።

«ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ (ኃይላችንን በፖይንት የምንገዛበት የልዕለ ጀግኖች ጨዋታ) ላይ የዲ ኤንድ ዲን ኢንቪዚቢሊቲ ስንት ፖይንት ይወስዳል?»

2 ብቻ። ኮንሲልመንት (የመሰወር ኃይሉ) በራንክ (በደረጃ) 2 ፖይንት ነው፣ ከተራ ዓይን ለመሰወር 2 ራንክ ስለሚፈልግ 4 ይሆናል፣ ከዚያ ፓሲቭ የሚለውን ድክመት ስትጨምርበት (ካጠቃህ ይጠፋል) በየራንኩ 1 ይቀንሳል። ግን በሙቀት የሚያይ ጠላት ያይሃል፣ ከማየት ስሜት በሙሉ ለመሰወር 4 ራንክ ነው። ከመዳሰስ ደግሞ የፈለግከውን ያህል ብትከፍል መሰወር አይቻልም፣ ስለዚህ ሊፍት ውስጥ ከሰው ጋር አትግባ።