ውፍረትና የሰውነት ሙቀት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ከወፈርኩ ወዲህ ሌላው ጋቢ ሲደርብ እኔን ያልበኛል። የሰውነቴ ሙቀት ጨምሮ ይሆን?

መልስ፦ በቴርሞሜትር ቢለኩ እንደማንኛውም ጤናማ ሰው 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆንዎ አይቀርም። ትልቅ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለም ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ስለዚህ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ወደ እጆች የሚሄደውን ደም በመጨመርና በማላብ ትርፉን ያስወጣል። ውፍረት ያለበት ሰው የሆዱ ቆዳ ቀዝቀዝ፣ ጣቶቹ ግን ሞቅ ብለው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ብዙ ኪሎ ቀነስኩ፤ አሁን ግን ብርዱን አልቻልኩትም፤ ክብደቱም ሊመለስብኝ ይታገለኛል። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ የፈቃደኝነት ድክመት አድርገው እንዳይወስዱት አደራ እላለሁ። ስብ ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ዘረመሉን እ.ኤ.አ. በ1994 ያገኘው በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ በጄፍሪ ፍሪድማን የሚመራው ቡድን ነው። ሌፕቲን መሥራት የማይችሉ አይጦች ከልክ በላይ ቢወፍሩም ገላቸው ቀዝቃዛ ነው፤ ብርድ ክፍል ውስጥ ሲገቡም ሙቀታቸውን መጠበቅ ያቅታቸዋል። ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጣቸው ግን የምግብ ፍላጎታቸው ይቀንሳል፤ ሙቀታቸውም ይመለሳል። በእርስዎም ላይ ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲኑ ስለሚወርድ፣ አንጎልዎ ረሃብ የመጣ ያህል ቆጥሮት፣ ቲ3 የተባለው የእንቅርት እጢ ሆርሞንና በነርቮች በኩል የሚለቀቀው ኖርአድሬናሊን እንዲቀንሱ ያደርጋል። ኖርአድሬናሊን በአንገትና ከትከሻ በላይ ባለው አካባቢ የሚገኘውን ቡናማ ስብ ለሙቀት ሲል ብቻ እንዲነድ የሚያዝዝ ኬሚካል ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ክብደት ለቀነሱ ሰዎች ጥቂት ሌፕቲን ሲሰጣቸው፣ ከእነዚህ ለውጦች ብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ተመልሰዋል። ይሁንና ገና ወፍራም ለሆነ ሰው መርፌው እምብዛም አይጠቅምም፤ ሌፕቲኑ ቀድሞውንም ሞልቶ ሳለ አንጎሉ አይሰማውምና።

ጥያቄ፦ ውፍረቴም ብርዴም ከእንቅርት እጢ የመጣ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ቲኤስኤች የተባለው የደም ምርመራ ይለየዋል። የእጢው መድከም የሚያመጣው ጭማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ነው፤ ከዚያም ብዙው ጨውና ውኃ ነው። የአዮዲን እጥረት በቆየባቸው የአገራችን ደጋዎች ለሚኖሩ ሰዎች ምርመራውን አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ሙቀት ጨምሮ ስብ የሚያቀልጥ ክኒን በኢንተርኔት ይሸጣል። ልግዛው?

መልስ፦ በፍጹም አይግዙ። ዲኤንፒ የተባለው ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ለማክሳት ይሰጥ ነበር፤ ሰው ስለገደለና ዓይን ስላጠፋ እ.ኤ.አ. በ1938 ተከለከለ። ቡናማ ስብ በአንጎል ትእዛዝ የሚያደርገውን ማቃጠል፣ ይህ ኬሚካል ያለ አንዳች ተቆጣጣሪ በመላው የሰውነት ህዋስ ውስጥ ይለኩሰዋል። አንጎል ራሱ ሙቀቱን ከፍ እንደሚያደርግበት ተራ ትኩሳት ስላልሆነ በፓራሲታሞል አይበርድም፤ ማርከሻም የለውም። የወሰደ ሰው ካለ ማላቡና ማቃጠሉ እስኪጀምር ሳይጠብቅ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ክኒኑንም ይዞ ለሐኪሙ ያሳይ።