ካታሊስቱ ስንት ሰዓት ቆየ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የኬሚስትሪ ዲግሪሽን ይዘሻል። ባዮማስን፣ ማለትም እንጨትና የሰብል ተረፈ ምርትን፣ በብረታ ብረት ናኖ ቅንጣቶች፣ ማለትም በዓይን በማይታዩ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ ወደ ጠቃሚ ኬሚካል ስለመቀየር እንድታጠኚ ለማስተርስ ተቀብለውሻል። አበልም አለው። አባትሽ ግን «የጥራት ቁጥጥር ሥራውን ያዢ፤ ያለ ገቢ ሁለት ዓመት አታባክኚ» ይሉሻል። አንቺን ከሁሉም በላይ ያስጨነቀሽ ሌላ ነው፦ «ርዕሱ በጣም ጠባብ ነው። ባዮማስ ባያዛልቅ ምን ይውጠኛል?»

ይህ ጥያቄ እኔንም በጊዜው እንቅልፍ ነስቶኛል። ስለዚህ ብዙውን የምጽፍልሽ ስለሱ ነው።

ጠባብ አይደለም። እነዚህ ቅንጣቶች ካታሊስት ናቸው፤ ራሳቸው ሳያልቁ የኬሚካል ለውጥን ያፋጥናሉ። በካታሊስት ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ላይ ላዩን የተጋለጡት አቶሞች ናቸው። ውስጥ የተቀበረው አቶም ገንዘብ ይበላል እንጂ አይሠራም። ቅንጣቷ ወደ 2 ናኖሜትር (የሜትር ሁለት ቢሊዮንኛ) ስትወርድ ግን ከአቶሞቿ ግማሽ ያህሉ ላይ ላዩን ይሆናሉ። እንደ ሩቴኒየምና ፕላቲነም ያሉ ውድ ብረቶችን በጣም ደቃቅ አድርገን ካርቦን ወይም አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ላይ የምንበትናቸው ለዚህ ነው። ይኸው ሙያ የመኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ አለ። ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥም አለ። ባዮማስ ራሱም ቢሆን የነገ ሕልም ብቻ አይደለም። ግሉኮስን በኒኬል ካታሊስትና በሃይድሮጅን ሶርቢቶል ወደሚባል ማጣፈጫ መቀየር የቆየ ኢንዱስትሪ ነው። ሶርቢቶል የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባል። ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ለቫይታሚን ሲ ምርት መነሻ ሆኗል።

ጠባብ የምትሆኚው የምርት መጠን ብቻ ስታሳድጂ ከተመረቅሽ ነው። እኔ እንደዚያ ልመረቅ ነበር። በማስተርሴ ከባዮማስ የሚገኘውን ሌቩሊኒክ አሲድ በኒኬል ቅንጣቶች ጋማ ቫሌሮላክቶን ወደሚባል ማሟሚያ እቀይር ነበር። ቁጥሮቼ ያምሩ ነበር። አንድ ቀን ሪአክተሩ፣ ማለትም ለውጡ የሚካሄድበት ዕቃ፣ ሲቀዘቅዝ ከፈትኩትና ፈሳሹን አጣራሁት። ጥቁሩ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ቀረ። ከታች የሚንጠባጠበው እንደ ውሃ ጥርት ማለት ነበረበት። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ይዤ ሳየው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ኒኬሉ አሲዱ ውስጥ እየሟሟ ነበር። የሦስት ወር ሥራዬን በእጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ ካታሊስቱ ለምን እንደሚሞት በመጠየቅ አሳለፍኩ። ባዮማስ ካታሊስትን ያሰቃያል። አብዛኛው ሥራ ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም አሲድ ውስጥ ነው። ቅንጣቶቹ ይጠጋጉና እየተዋሃዱ ይተልቃሉ። ሰልፈር ይመርዛቸዋል። ከስኳሩ የሚወጣ ጥቁር ዝቃጭ ይሸፍናቸዋል። የተሸከማቸው አሉሚና እንኳ በጋለ ውሃ ውስጥ ወደ ሌላ ማዕድን ይለወጣል። ሥራ ስፈልግ ታዲያ የቀጠሩኝ ባዮማስን ነክተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ የካታሊስት መፈተሻ ላብራቶሪ ነበር። በቃለ መጠይቁ ስለ ምርት መጠን ማንም አልጠየቀኝም። «ስንት ሰዓት ቆየ? በምን አወቅሽ?» ነው ያሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ።

ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት አማካሪሽን በግልጽ ጠይቂያቸው። ፈሳሹ ሳያቋርጥ የሚያልፍበት ሪአክተር አለ ወይ? ከንጹሕ ግሉኮስ ሌላ ከእውነተኛ እንጨት የወጣ፣ ቆሻሻው ያልተለየ ፈሳሽ ይሞከራል? የሟሟውን ብረት የሚለካ መሣሪያስ? «አምስት ጊዜ ደጋግመን ተጠቀምንበት፣ አሁንም መቶ በመቶ ነው» ካሉሽ አትርኪ። ሪአክሽኑ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሆኖ አምስት ሰዓት ከተዉት፣ ከካታሊስቱ ግማሹ ቢሞትም መቶ በመቶ ይታያል። ገና ሲጀምር፣ ከመነሻው ሠላሳ በመቶ ገደማ ሲቀየር አቁመሽ ፍጥነቱን ለኪ። ድካሙ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ እልኸኛ ነኝ፤ ብዙ ተማሪ ሳያውቀው በዚህ ይሸወዳል።

ወደ አባትሽ ልምጣ። አበል ካለው «ያለ ገቢ» የሚለው ልክ አይደለም። የወንድምሽን የትምህርት ክፍያ ደግሞ አንቺ እንድትሸፍኚ እንደሚጠበቅ በጨረፍታ ጽፈሻል። እሱ ያንቺ ዕዳ አይደለም። መርዳት ትችያለሽ፤ ግን ደሞዝሽ ገና ሳይመጣ ሌላ ሰው ሊበጅተው አይገባም። ይህን ለአባትሽ በአክብሮት፣ ግን ሳታድበሰብሺ ንገሪያቸው። አበሉ ቤት ኪራይሽን እንኳ የማይችል ከሆነ ግን ተበድረሽ አትግቢ። የጥራት ቁጥጥሩን አንድ ዓመት ሥሪና መሣሪያዎቹ ላይ እጅሽን አፍታቺ።

ሒሳቡ አያስፈራሽ፤ የፍጥነት ቀመሮቹን እየሠራሽ ትለምጃቸዋለሽ። ናኖ ዱቄት ጤና ይጎዳል ወይ ላልሽው፣ ደረቁን ዱቄት በላብራቶሪው የጋዝ መሳቢያ ሥር ብቻ ክፈቺው። ሃይድሮጅን ያገኘ ካታሊስት ማጣሪያው ላይ ከደረቀ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ሁሌም እርጥብ አድርገሽ ያዢው።

ለአማካሪሽ ዛሬውኑ ጻፊላቸው። መልሳቸው ሲመጣ ላኪልኝ፣ በተለይ ስለ ሪአክተሩ ያሉትን።