እልል ያልተባለለት ልጅ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አምድዎን ከማነብ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አሁን ትዕግስቴ አለቀ።

ታላቅ እህቴ ከአስራ አንድ ወር በፊት በወሊድ አረፈች። ልጁ ተረፈ። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ ስትለምን የኖረች ሴት ናት፤ አግኝታ እንኳን አላቀፈችውም። ደም ፈሰሳት፣ አልቆም አለ፣ በቃ። ልጁን የምናሳድገው እኔና እናቴ ነን። አባቱ ከሥራ ሲወጣ በየማታው ይመጣል፣ አስተኝቶት ይሄዳል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ስሙ ነው። ማንንም ሳያማክር ወሳኝ ኩነት ሄዶ ቢንያም ብሎ አስመዘገበው። ሰርተፍኬቱን አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልን። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም፣ የሰፈሩ ልጅ ግማሹ ቢኒ ነው። በኋላ አንዲት ጓደኛዬ "የቢንያም እናት እኮ እሱን ስትወልድ ነው የሞተችው" አለችኝ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 35ን አውጥቼ አነበብኩ። እትዬ፣ ደሜ ፈላ። ራሔል መንገድ ላይ ምጥ ጠናባት፣ ወለደች፣ ሞተች። ስንት ስም ሞልቶ ይሄን ይመርጣል? የእህቴን ሞት ልጁ ወረቀት ላይ ይጽፍበታል? ነገ ትምህርት ቤት ገብቶ "ስምህ ምን ማለት ነው?" ሲሉት ምን ሊል ነው?

ጠየቅኩት። "ታሪኩን አውቄ ነው ያወጣሁለት" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እሱ እንዲህ ነው፣ ዝምታው ይገድላል።

እናቴ ምትኩ ነው የምትለው። ምትኩ እያለች ታቅፈውና ታለቅሳለች። እኔም ምትኩ ነው የምለው፤ የእናቱ ምትክ አይደል? እውነቱን ለመናገር ምትኩ ስንለው ዞር አይልም፣ አባቱ ከበር "ቢኒ!" ሲል ግን ከእቅፌ ሊዘል ይደርሳል። ህፃን ነው፣ ምን ያውቃል።

የክርስትና ስሙን ያወጡለት ቄሱ ስለሆኑ በሱ ጭቅጭቅ የለም። ክርስትና የተነሳው በአርባ ቀኑ ነው፤ የእህቴም አርባ ያው ያን ቀን ስለነበር ጠዋት እሱን አስጠምቀን ወዲያው ወደ ፍትሃቷ ገባን። ሁላችንም ጥቁር በጥቁር ነበርን። እልል ያለም አልነበረም፣ ማን ይላል በዚያ ቀን። አባቱ ግን ያን ቀን እንኳን ስለ ስሙ ትንፍሽ አላለም፤ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በሚቀጥለው ወር ልጁ ዓመት ይሞላዋል። ሙት ዓመቷም ያው ያን ቀን ነው። አባቱ "ትንሽ ኬክ እንቁረስለት" ቢል እናቴ "በልጄ ሙት ዓመት ኬክ ልትቆርስ?" ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ስሙን ፍርድ ቤት ሄደን ማስቀየር እንችላለን ወይ? ያንን ቀንስ ምን እናድርገው? አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ጡጦውን ይዤ አየውና "አንተ ባትመጣ እሷ ትኖር ነበር" እላለሁ። በሆዴ ነው የምለው። ወዲያው ደግሞ እስመዋለሁ። ይሄ ምን ይባላል እትዬ?

አክስቱ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሦስቴም የቆምኩት አንድ ቦታ ላይ ነው። "እልል ያለም አልነበረም፣ ማን ይላል በዚያ ቀን" ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሽው ላይ። ይሄ ልጅ ሲወለድ እልል አልተባለለትም፣ ቤቱ ለቅሶ ላይ ነበር። ክርስትና ሲነሳም አልተባለለትም። ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም አልተባለለትም። ስለ ስሙ ስትጣሉ ከረማችሁ፤ እንኳን መጣህ ያለው ሰው ግን አላየሁም። አለ ከተባለ ያ ወሳኝ ኩነት ሄዶ ያስመዘገበው ሰውዬ ነው።

ምዕራፉን አንብበሻል፤ ግን ደምሽ ፈልቶ ስለነበር ቁጥር 18ን በደንብ ያየሽው አይመስለኝም። እዚያች አንዲት ቁጥር ውስጥ ሁለት ስም አለ። ራሔል ነፍሷ ልትወጣ ስትል ልጇን ቤንኦኒ አለችው፣ የሐዘኔ ልጅ። አባቱ ያዕቆብ ግን ቢንያም አለው። በዕብራይስጥ ቢን ልጅ ነው፣ ያሚን ቀኝ ነው። የቀኝ እጅ ልጅ። አንቺ የፈራሽው፣ ሞትን ልጁ ላይ የሚጽፈው ስም፣ ቤንኦኒ ነው። አማችሽ "አውቄ ነው" ያለሽ ሁለቱንም አይቶ ነው።

ቃሉ ለኛ ጆሮም ባዕድ አይደለም። በግዕዝ ቀኝ የማን ነው። ቤተ ክርስቲያን "የማነ እግዚአብሔር ገብረት ኃይለ" ሲባል ሰምተሻል፣ የእግዚአብሔር ቀኝ ኃይልን አደረገች ማለት ነው። የማነ የሚባል ሰው ካወቅሽ የሱም ስም ከቢንያም ጋር ከአንድ ግንድ የበቀለ ነው። የጥንት ዕብራውያን አቅጣጫ የሚቆጥሩት ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረው ስለሆነ ያሚን ደቡብም ይሆናል። ራሺ የሚባለው ትልቁ የአይሁድ ተርጓሚ ከዚህ ተነስቶ የደቡብ ልጅ ብሎ ፈታው፤ ከአሥራ ሁለቱ ወንድማማቾች በከነዓን ምድር የተወለደው እሱ ብቻ ነውና። ሳምራውያን ደግሞ በራሳቸው ኦሪት ቢንያሚም ብለው ይጽፉታል፣ የዘመናት ልጅ እንደማለት፣ አባቱ በስተርጅና ያገኘው። የፈለግሽውን ፍቺ ውሰጂ፣ አንዱም ውስጥ ሞት የለም።

አንድ ደግሞ ልጨምርልሽ፣ እኔ በጣም የምወደውን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ የኖረ ናሕማኒደስ የሚባል የአይሁድ ሊቅ ነበር። ኦኒ የሚለው ቃል በዕብራይስጥ ሐዘኔም ኃይሌም ሊሆን እንደሚችል ልብ አለ። ያዕቆብ ራሱ የበኩር ልጁን ሮቤልን "የኃይሌ መጀመሪያ" ሲለው የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ፣ ይላል ናሕማኒደስ፣ ያዕቆብ የሚስቱን የመጨረሻ ቃል አልጣለም። የሌሎቹን ልጆች ስም ያወጡት እናቶቻቸው ነበሩ፣ የራሔልንም ሊያስቀርባት አልፈለገም። እሷ በሐዘን የጠራችውን ስም ወስዶ በኃይል በኩል ፈታው፣ ቀኝ እጅ ኃይል ነውና። ሚስቱን ገና መንገድ ላይ የቀበረ ሰው ነው እንግዲህ ይሄን የሚያደርገው። እኔ እዚህ ስደርስ ሁሌ እንባዬ ይመጣል።

ረሳት ማለት እንዳይመስልሽ። ቁጥር 20 ላይ መቃብሯ ላይ ሐውልት አቆመላት። ዓመታት አልፈው፣ ግብፅ ውስጥ አልጋ ላይ ወድቆ፣ ዮሴፍ ሊጠይቀው ሲመጣ ያነሳው ያንን መንገድና የራሔልን ሞት ነው። እስኪሞት ድረስ ከሆዱ አልወጣችም። ሐውልቱን ግን ድንጋይ አቆመላት እንጂ ልጁን አላደረገውም።

አሁን ትንሽ ልቆጣሽ። ያንን ልጅ ቤንኦኒ እያላችሁ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ምትኩ ክፉ ስም ሆኖ አይደለም። ካሳ፣ ተካ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ሰዋችን ሞት ሲደጋገምበት ያወጣቸው ስሞች ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ዮሴፍም የመጀመሪያ ልጁን ምናሴ ብሎታል፣ ያው ማስረሻ ማለት ነው። ግን እናትሽ ምትኩ ብላ ስታቅፈው የሚያየው የሚያለቅስ ፊት ነው። ገና መሄድ ያልጀመረ ልጅ የአንዲት ሙሉ ሴት ቦታ እንዲሞላ ተጠይቋል፣ በየቀኑም ይጠየቃል። ቢኒ ሲባል ግን የሚመጣው አባቱ ነው፣ የሚመጣው ጨዋታ ነው። ለዚህ ነው የሚዘለው። ምን ያውቃል አትበዪ፣ ያውቃል።

አባቱም ቢሆን አጥፍቷል። ስም ሲያወጣ እናትሽን ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ነበረበት፤ ሰርተፍኬት ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ግን ይቅር በሉት። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፣ አንቺ ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ ስለሱ ሐዘን አንድ ቃል አልጻፍሽም።

የሌሊቱ ነገር ሐዘን ይባላል እህቴ። ሌላ ስም አትስጪው። እህትሽን የወሰዳት የደም መፍሰስ ነው፤ በዓለም ላይ በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶችን ከሌላው ምክንያት ሁሉ በላይ የሚገድለው እሱ ነው። ኦሪቱንም ብትፈትሺው፣ ከያዕቆብም ሆነ ከወንድሞቹ አፍ "እናትህ በአንተ ሞተች" የሚል ቃል አልወጣም። እንዲያውም ራሔል ለምና ያመጣችው ልጅ ነው፤ ዮሴፍን ስትወልድ "እግዚአብሔር ሌላ ወንድ ልጅ ይጨምርልኝ" ብላ ነበር። እህትሽም ስድስት ዓመት ለምናዋለች። ያ ጡጦ የምታጠቢው ልጅ ስለቱ የደረሰ ልጅ ነው። ይሄን በሆድሽ የምትይውን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ከቻልሽ ለአማችሽም ንገሪው፣ እሱም ማታ ማታ አስተኝቶት ሲወጣ መንገድ ላይ ምን እያለ እንደሚሄድ ጠይቂው።

ፍርድ ቤቱን ተዪው። ስሙ ይቆይ።

ቀኑን ለሁለት ክፈሉት። ጠዋቱ የእሷ ነው። ቅዳሴ ግቡ፣ ፍትሃቱን አስደርሱ፣ መቃብሯ ጋ ሂዱ፣ እናትሽ እስኪወጣላት ታልቅስ፣ ማንም በቃሽ አይበላት። ከዚያ ቤት ገብታችሁ ጥቁሩን አውልቁ፣ ዓመት ሞልቷል። ከሰዓት በኋላው የልጁ ነው። ድፎ ዳቦ ይደፋ፣ አባቱ ያለው ኬክም ይምጣ። ዳቦውን አባቱ ይቁረስ። ልጁ እናትሽ ጭን ላይ ይቀመጥ። ቢኒ ብላ ትጥራውና እልል ትበል፣ ድምጿ ቢቆራረጥም ግዴለም። እሷ ካቃታት አንቺ ጀምሪላት።