የጀልባ ሞተሬ ዘይት ነጣ፤ ሻጩን መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ሰው በጀልባ ለማመላለስ ብዬ ያገለገለ ፎር ስትሮክ ሞተር ኮምቦልቻ ካለ ነጋዴ ገዛሁ። ወር ሳይሞላ ዘይቱ ማኪያቶ መሰለ። መካኒኩ ውሃ ገብቶበታል አለኝ። ሻጩ ግን «አይተህ ገዝተሃል፣ አያገባኝም» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽሩ፣ ነገሩ ሻጩ እንዳለው አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። «አይተህ ገዝተሃል» የሚያዋጣው ጉድለቱ በዓይን ሲታይ ነው። የተበላሸ የቴስታታ ጋስኬት (ውሃው ከዘይቱ እንዳይቀላቀል የሚያሽገው) ሞተሩ ሳይፈታ ከየት ይታያል?

ግን የነጣው የቱ ዘይት ነው? የሞተሩ ወይስ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የታችኛው ካምቢዮ? ካምቢዮው ከሆነ ሻጩ መከራከሪያ አለው። የመረብ ክር ፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ የዘይት መያዣውን ጎማ ይበላዋል፤ ሐይቁ ላይ ደግሞ መረብ አይጠፋም። ይህ የደረሰው እርስዎ ከተረከቡ በኋላ ከሆነ ሻጩን አይነካውም። የሞተሩ ዘይት ከሆነና ውስጡ በዝገት ተበልቶ ከተገኘ ግን ነገሩ ለእርስዎ ያደላል። እንዲህ ያለ ዝገት በአንድ ወር አይመጣም።

ውሃ የገባው ዘይት ሞተር ውስጥ አይክረም፤ ብረቱን ይበላዋል። ቁጥር 1802ም ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚችሉትን እንዲያደርጉ ይጠብቅብዎታል። ስለዚህ ይቀየር፤ ግን ዝም ብሎ አይደፋ። ሻጩን ይጥሩት፤ ካልመጣ ሁለት ምስክር ባለበት ዘይቱን ያውጡት። ሞተሩ ቆሞ ካደረ የዘይት መውጫው ብሎን ሲላላ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃው ሊሆን ይችላል፤ ያንን በስልክ ይቅረጹት። ከዘይቱ በንጹሕ ሃይላንድ ቀድተው ክዳኑን በፕላስተር ያሽጉ፣ ቀን ይጻፉበት፣ ምስክሮቹ ይፈርሙበት። የተረፈውን አደራ ወደ ሐይቁ እንዳይደፉት። መውጫ የሌለው ውሃ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አካባቢን መበከል ይከለክላል። ቴስታታውን ደግሞ ሻጩ ወይም ገለልተኛ ባለሙያ ሳያይ አያስፈቱ። «ራሱ አበላሽቶት ነው» ማለቱ አይቀርም።

ለሻጩ የሚጽፉትን ደብዳቤ ዛሬ ነገ አይበሉት። ቁጥር 2292 ጉድለቱን ሳይዘገዩ እንዲያስታውቁ ይላል። የቱ ዘይት እንደሆነ፣ መቼ እንዳዩት፣ ጥገና ወይስ ገንዘብ እንደሚፈልጉ ይግለጹ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ ያስፈርሙት፤ አልፈርምም ካለ በፖስታ በአደራ ይላኩለት።

ወሎ ላይ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ፍርድ ቤት መሮጥ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ይቀመጡ። ከታረቃችሁ በጽሑፍ ይሁን። ካልሆነ ግን በቁጥር 2298 መሠረት ክሱ ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ሽምግልናው ቀኑን ያቆመዋል ብለው አይዘናጉ። ሻጩ የሚነግድበት ኮምቦልቻ ስለሆነ ክሱን እዚያው ማቅረብ ይችላሉ። ሲሄዱ ደረሰኙን ወይም ውሉን፣ የደብዳቤውን ቅጂ፣ የመካኒኩን የጽሑፍ አስተያየትና ያንን ሃይላንድ ይዘው ይሂዱ።