ድንጋዩን የጎዳው ጨረር ነው ወይስ ጨረራ?

ጥያቄ፦ የጂኦሎጂ ጽሑፍ ስተረጉም «በጨረር የተጎዱ ዩራኒየም ያዘሉ ማዕድናት» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ «ጨረር»ን ሰርዞ «ጨረራ» አደረገው። «ያዘሉ»ንም አልወደደው፤ «ማዕድን ጀርባ አለው እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ በመጀመሪያው አርታኢው ያሸንፍዎታል። ጨረር ከምንጩ ወጥቶ የሚሄደው ነገር ነው፤ «የፀሐይ ጨረር» እንደምንለው። ጨረራ ግን ድርጊቱን ሁሉ ይይዛል።

እዚህ ቦታ ልዩነቱ የፊደል ጨዋታ አይደለም። ዚርኮን የሚባለውን ማዕድን እንይ። ዚርኮኒየም፣ ሲሊከንና ኦክስጅን ነው፤ ዩራኒየም በዚርኮኒየሙ ቦታ በጥቂቱ ሰርጎ ይገባል። አንድ የዩራኒየም 238 አቶም እርሳስ 206 እስኪሆን ድረስ 8 የአልፋ ቅንጣቶችን፣ ማለትም የአስኳሉን ትንንሽ ስባሪዎች፣ ይተፋል። በተፋ ቁጥር፣ ጠመንጃ ሲተኮስ ሰደፉ ትከሻን እንደሚመታው፣ የቀረው ከባድ አስኳል ወደ ኋላ ይወረወራል። ከቦታቸው ከሚፈናቀሉት አቶሞች አብዛኞቹን የሚያፈናቅለው ይሄ ምት ነው። «በጨረር የተጎዳ» ካልን ጥፋቱን የምንለጥፈው ሮጦ ባመለጠው ቅንጣት ላይ ነው። ዋናው ጥፋተኛ እዚያው ተቀምጧል!

እኔን ይበልጥ የምትከነክነኝ ግን «በ» ናት። «በጎርፍ ተጎዳ» ስንል ጎርፉ የመጣው ከውጭ ነው። ዚርኮን የሚመታው ከገዛ ሆዱ ነው። አንባቢዎ አንድ ሰው ድንጋዩን ኤክስሬይ ያስነሳው እንዳይመስለው፣ መጀመሪያ ሲያነሱት «በውስጡ ባለው ዩራኒየም ጨረራ የተጎዳ» ይበሉ። ከዚያ በኋላ ማሳጠር ይችላሉ።

«የተበላሸ» ግን አይበሉ። የተበላሸ ነገር አይመለስም፤ የተጎዳ ዚርኮን ግን በደንብ ሲሞቅ የክሪስታል ሥርዓቱ፣ ማለትም የአቶሞቹ የተስተካከለ አሰላለፍ፣ ሊመለስለት ይችላል። ሥርዓቱን ጨርሶ ያጣውን «ሜታሚክት» ይሉታል፤ ቃሉን በ1893 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኖርዌያዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ብሮገር ነው። እንዳለ ይዋሱት፤ የተሻለ አላገኘሁም። ደግሞ «የተጎዱ» ሁሉንም አይወክልም። ዩራኒናይት የሚባለው ማዕድን በአብዛኛው ዩራኒየም ሆኖ ሳለ ክሪስታልነቱን እንደያዘ ይኖራል።

ስለ ጀርባው፦ «አዘለ» መሠረቱ በጀርባ መሸከም ነው፤ እውነት ነው። ግን «ቁም ነገር አዘል ወግ» ሲባል ጀርባውን የሚፈልግ ሰው አላየሁም። «ዩራኒየም አዘል ማዕድናት» ይበሉ፤ ያጥራልም። አርታኢው እዚህ ላይ ነጥብ የሚያገኘው ለቀልዱ ብቻ ነው።