የዩክሬኗ የባድሜንተን ተጫዋች ማሪያ ኡሊቲና የሙያ ጉዞ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ማሪያ ኡሊቲና የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለመመለስ እሞክራለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አዋህጃቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማሪያ ኡሊቲና ማን ናት? ስሟን የሰማሁት ከህንዷ ሳይና ኔህዋል ጋር ተያይዞ ብቻ ነው።

መልስ፦ ኡሊቲና ዩክሬን ነጻነቷን ባወጀችበት በ1991 የተወለደች፣ በሴቶች ነጠላ ውድድር በሪዮ 2016 እና በቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ አገሯን የወከለች ተጫዋች ናት። ስሟ ከሳይና ጋር ተያይዞ መነሳቱ አያስገርምም፤ ምክንያቱም የዓለም መገናኛ ብዙኃን ስለ እርሷ በስፋት የጻፉት ሳይናን ባሸነፈችበት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ተጫዋች ለዚያ ቀን የሚደርሰው ከዚያ በፊት ለዓመታት ማንም በማያያቸው አዳራሾች ውስጥ በመጫወት ስለሆነ፣ የሙያ ጉዞዋ ሊመዘን የሚገባው በዚያ ረጅም መንገድ ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ በሪዮ የተካሄደው ግጥሚያ እንዴት ነበር? በዝርዝር ቢነግሩን።

መልስ፦ የሪዮው የነጠላ ውድድር በምድብ ማጣሪያ የተጀመረ ሲሆን፣ ከየምድቡ ወደ ጥሎ ማለፉ የሚሻገረው አንደኛ የወጣው ተጫዋች ብቻ ነበር። የኡሊቲና ምድብ ሦስት ተጫዋቾች ነበሩት፤ እነርሱም በለንደን 2012 የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘችውና በ2015 የዓለም አንደኛ የነበረችው ሳይና ኔህዋል፣ የአዘጋጅ አገሯ የብራዚል ተጫዋች ሎሃይኒ ቪሴንቴ እና ራሷ ኡሊቲና ናቸው። ሳይናም ኡሊቲናም ብራዚላዊቷን ስላሸነፉ፣ ኦገስት 14 ቀን ሁለቱ ሲገናኙ ያሸነፈችው ታልፋለች፣ የተሸነፈችው ደግሞ ወደ አገሯ ትመለሳለች ማለት ነበር። ሳይና በውድድሩ አምስተኛ ሆና የተመደበች ስትሆን፣ ኡሊቲና በዓለም ደረጃ 61ኛ ነበረች።

ባድሜንተን ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ የሚረታበት፣ እያንዳንዱም ዙር እስከ 21 ነጥብ የሚቆጠርበት ጨዋታ ነው። ኡሊቲና የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ18፣ ሁለተኛውን 21 ለ19 አሸነፈች። ሁለቱንም ዙሮች ስንደምር 42 ለ37 ይሆናል፤ የልዩነቱ ጠቅላላ መጠን አምስት ነጥብ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ለእኔ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም በ18 እና በ19 ላይ ያለች ባለ ሜዳሊያ ተጋጣሚ ሦስት ተከታታይ ነጥብ ብታገኝ ዙሩ ይገለበጣል። ደረጃዋ ዝቅ ያለ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የምትሰናከለውም በዚህ የመጨረሻ ሰዓት ሲሆን፣ ኡሊቲና ግን ሁለቱንም ጊዜ ሳትደናገጥ ዙሩን ዘግታለች።

ጥያቄ፦ ሳይና ግን ጉልበቷን ታማ ነበር። ታዲያ ይህ እውነተኛ ድል ሊባል ይችላል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አንስቶታል፤ በጥንቃቄ መመለስም ይገባዋል። ሳይና ጉልበቷን መታመሟ እውነት ነው፤ ከኦሊምፒኩ በኋላ ወዲያውኑ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች፤ ሕመሟም ጨዋታዋን ጎድቶታል። ይሁን እንጂ ሌሎች እውነታዎችም አብረው መታየት አለባቸው። ሳይና ከሁለት ወር ቀደም ብላ፣ በጁን 2016፣ የአውስትራሊያን ኦፕን አሸንፋ ነበር፤ ከሪዮም በኋላ አገግማ በ2017 በግላስጎው የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ፣ በ2018 ደግሞ በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ወርቅ አግኝታለች። ስለዚህ ኡሊቲና የገጠመቻት ተጫዋች ዘመኗ ያለፈ አልነበረችም።

ከዚህም በላይ የታመመ ተጋጣሚን ማሸነፍ ከሩቅ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በነጠላ ጨዋታ ሜዳው 13.4 ሜትር ርዝመትና 5.18 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ መረቡ ለሁለት ስለሚከፍለው እያንዳንዱ ተጫዋች የሚጠብቀው የራሱን ግማሽ ነው። ጉልበቱን የታመመ ሰው በጣም የሚቸገረው ወደ ፊት ዘሎ በአንድ እግሩ አጎንብሶ ከመረቡ ሥር ኳስ ሲያነሳና ከዚያ ተነስቶ ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። ይህን ድካም በተጋጣሚ ላይ ለመጫን ግን ኳሷን በትክክል ወደ ማዕዘኖቹ መላክ፣ ረጅም ምልልስ መታገሥ፣ ራስንም ከስህተት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ተቸኩሎ ነጥብ ለመጨረስ የሚሞክር ተጫዋች ለታመመው ሰው ዕረፍት ይሰጠዋል። ስለዚህ የሳይና ሕመም በር ከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በበሩ የገባችው ግን በራሷ ብቃት ነው። ድሉን ለጉልበት ሕመም ብቻ መስጠት ለኡሊቲና ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላስ? ሜዳሊያ አገኘች?

መልስ፦ አላገኘችም። ወደ ጥሎ ማለፉ ገብታ በታይላንዷ ፖርንቲፕ ቡራናፕራሰርትሱክ ተሸነፈች። የወርቁን ሜዳሊያ የስፔኗ ካሮሊና ማሪን፣ ብሩን የህንዷ ፒ. ቪ. ሲንዱ፣ ነሐሱን የጃፓኗ ኖዞሚ ኦኩሃራ ወሰዱ።

ጥያቄ፦ በዓለም 61ኛ የሆነ ሰው እንዴት ለኦሊምፒክ ይበቃል? ከእርሷ የተሻሉ ስልሳ ሰዎች የት ሄዱ?

መልስ፦ በኦሊምፒክ የአገሮች ኮታ ስላለ ነው። በሪዮው ሥርዓት አንድ አገር በነጠላ ሁለት ተጫዋቾችን ማሰለፍ የሚችለው ሁለቱም በዓለም ደረጃ ከመጀመሪያዎቹ 16 ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነበር፤ አለዚያ አንድ ብቻ ይልካል። ቻይና፣ ጃፓን፣ ታይላንድ፣ ኢንዶኔዥያና ደቡብ ኮሪያ ጥሩ ደረጃ ያላቸው ብዙ ተጫዋቾች ስላሏቸው፣ ከኮታው በላይ የሆኑት በዝርዝሩ ላይ ይዘለላሉ፤ ቦታውም ወደ ሌሎች አገሮች ይወርዳል።

ይህ ግን ቦታው በነጻ ይሰጣል ማለት አይደለም። ደረጃው የሚሰላው ተጫዋቹ በ52 ሳምንታት ውስጥ ካስመዘገባቸው ውጤቶች አሥሩ ምርጦች ተደምረው ሲሆን፣ ለሪዮ የተቆጠረው ከሜይ 2015 እስከ ሜይ 2016 መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነበር። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ መጎዳት ወይም ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ ማጣት የአራት ዓመት ዝግጅትን ከንቱ ሊያስቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ተጫዋች በምን ይተዳደራል?

መልስ፦ ስለ ኡሊቲና የግል ገቢ ሳይሆን በዚህ ደረጃ ስላለው ሕይወት በአጠቃላይ ልናገር። ከእስያ ታላላቅ ውድድሮች በታች ኢንተርናሽናል ቻሌንጅ፣ ኢንተርናሽናል ሲሪስ እና ፊውቸር ሲሪስ የሚባሉ እርከኖች አሉ። በአዲስ አበባ የተካሄደው ኢትዮጵያ ኢንተርናሽናልም፣ በካርኪቭ የተካሄደው ካርኪቭ ኢንተርናሽናልም ከእነዚህ የሚመደቡ ናቸው። የገንዘብ ሽልማታቸው አነስተኛ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የተሸነፈ ተጫዋች የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪውን እንኳ አይሸፍንም። በዚህ ምክንያት ብዙ የምሥራቅ አውሮፓ ተጫዋቾች የሚደገፉት በአገራቸው የስፖርት ባለሥልጣናትና ፌዴሬሽኖች ወይም በጀርመን፣ በፈረንሳይና በዴንማርክ ሊጎች ለሚወዳደሩ ክለቦች በመሰለፍ ነው።

ጥያቄ፦ ከእርሷ በፊት የታወቀ የዩክሬን ተጫዋች ነበር?

መልስ፦ ነበሩ። ከታሪኩ ጋር ለተያያዘችው ለላሪሳ ግሪጋ ቅድሚያ እሰጣለሁ፤ በቤጂንግ 2008 እና በለንደን 2012 የተሳተፈች ናት። በቤጂንግ በሁለተኛው ዙር የገጠመችው ያን ጊዜ የ18 ዓመት ልጅ የነበረችውን ሳይና ኔህዋልን ሲሆን፣ ሳይና እርሷን አሸንፋ መንገዷን ቀጥላ በኦሊምፒክ ባድሜንተን ሩብ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ ህንዳዊት ሴት ሆነች። ከስምንት ዓመት በኋላ ያቺኑ ሳይናን ከኦሊምፒክ ያስወጣችው ሌላ ዩክሬናዊት መሆኗ የዩክሬን ባድሜንተን ወዳጆች ሊያስታውሱት የሚገባ ጉዳይ ነው። በወንዶችም ዲሚትሮ ዛቫድስኪ በለንደን፣ አርተም ፖችታሮቭ በቶኪዮ ተሰልፈዋል።

ጥያቄ፦ በቶኪዮስ እንደ ሪዮው አልሆነላትም?

መልስ፦ አልሆነላትም፤ ከምድቧ አላለፈችም። ሆኖም በሁለት ተከታታይ ኦሊምፒኮች መሰለፍ፣ በተለይ ሁለተኛው በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 2021 በተላለፈበትና ውድድሮች በተሰረዙበት ወቅት፣ ብቃትን ለአምስት ዓመት ጠብቆ ማቆየትን ይጠይቃል። እኔ ይህን ከሪዮው ድል አሳንሼ አላየውም።

ጥያቄ፦ ጦርነቱ የዩክሬንን ባድሜንተን ምን አደረገው?

መልስ፦ ሩሲያ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ሙሉ ወረራ ስትጀምር ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንሥቶ ከተደበደቡት ከተሞች አንዷ፣ ለሩሲያ ድንበር እጅግ የቀረበችው ካርኪቭ ናት፤ የአገሪቱ ዋና የባድሜንተን ማዕከል ከሆኑት ከተሞችም አንዷ ነበረች። የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን በማርች 2022 የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾች በውድድሮቹ እንዳይሳተፉ ወሰነ። ብዙ የዩክሬን ተጫዋቾች ግን ልምምዳቸውን በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ለመቀጠል ተገደዱ። ቤተሰቡ በጥቃት ሥር ሆኖ በሌላ አገር ራኬት ማንሳት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመናገር እኔ ብቁ አይደለሁም፤ ማክበር ግን እንችላለን።

ጥያቄ፦ ዛሬ የእርሷን ቦታ የያዘው ማን ነው?

መልስ፦ በፓሪስ 2024 በሴቶች ነጠላ ዩክሬንን የወከለችው በ2004 የተወለደችው የካርኪቭ ልጅ ፖሊና ቡህሮቫ ናት። ከየቭሄኒያ ካንተሚር ጋር ሆና በጥንድም ትጫወታለች፤ ሁለቱንም ዓይነት ውድድር ጎን ለጎን ማስኬድ አካልን እጅግ የሚያደክም ስለሆነ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት በየትኛው ላይ እንደምታተኩር መከታተል ይገባል።